ኖትፓድ ብቻውን ፕሮግራመር አያደርግም፦ ጀማሪን ከአይዲኢ ለሚያርቀው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በተማሪዎቼ እጅ ሲዘዋወር ከረመ። ፕሮግራሚንግ የሚጀምር ሰው አይዲኢ እንዳይነካ ይመክራል። ለማያውቁት፣ አይዲኢ ማለት ኮድ መጻፊያው፣ ማስኬጃውና ስህተት መፈለጊያው በአንድ መስኮት የተሰበሰበበት ሶፍትዌር ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ጀማሪ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ተራ መጻፊያ፣ በኖትፓድ፣ ይጻፍ፣ በጥቁሩ የኮማንድ መስኮት ያስኪድ፤ አይዲኢ የሚፈቀድለት ከበረታ በኋላ ነው። ምክንያታቸው አምስት ነው። አንጋፋዎቹ ያለ አይዲኢ ታግለው ነው የተማሩት፣ ትግሉም ራሱ ትምህርት ነው። አይዲኢ ራሱ እየሞላ ተማሪን ያሰንፋል። ውስጡን ይደብቃል። ለእኛ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይከብዳል። በመጨረሻም ተማሪውን ከአንድ መሣሪያ ጋር ያጣብቀዋል።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው ተማሪ ነገሩን ከሥሩ እንዲያውቅ ይፈልጋሉ፤ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ምክሩ መሬት ሲወርድ የሚያመጣውን እያየሁ ነው። እዚህ አዳማ ቅዳሜና እሁድ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አስጠናለሁ። ጽሑፉን አንብበው ቶኒ የተባለውን አይዲኢ ከላፕቶፓቸው ያጠፉ ልጆች አሉ። በሳምንቱ ሲመጡ ስለ ሉፕ፣ ማለትም ትዕዛዝን ስለሚደጋግመው የኮድ ክፍል፣ የሚጠይቁት ነገር አልነበራቸውም። ጥያቄያቸው ሁሉ «ቲቸር፣ ፋይሉ የለም ይለኛል» ሆነ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«አንጋፋዎቹ ያለ አይዲኢ ነው የተማሩት»

ይሄ ታሪኩን ስቷል። ጸሐፊው በምሳሌነት የጠቀሱት በዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ፣ በሰማያዊው ስክሪን ሲፕላስፕላስ የተባለውን ቋንቋ የተማረውን ትውልድ ነው። ሰማያዊው ስክሪን እኮ ቱርቦ ሲፕላስፕላስ ነው። ቱርቦ ሲፕላስፕላስ ደግሞ አይዲኢ ነው! ኮንትሮልና ኤፍ 9 ሲጫኑ ኮምፓይል አድርጎ፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ቀይሮ፣ ያስኬዳል። ስህተት ካለ ከርሰሩን ወስዶ ስህተቱ ያለበት መስመር ላይ ያቆመዋል። በኤፍ 7ና በኤፍ 8 ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ማስኬድ ይቻላል። መልኩ ያረጀ ስለሆነ ኖትፓድ ይመስላል እንጂ ከነዲበገሩ፣ ማለትም ከነስህተት መፈለጊያው፣ የተሟላ አይዲኢ ነበር። ያ ትውልድ በርትቶ ከሆነ፣ የበረታው አይዲኢ ይዞ ነው።

ከዚያም ወደኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1983 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ቱርቦ ፓስካልን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት በትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ላይ በአብዛኛው መጻፊያው ለብቻ፣ ኮምፓይለሩ ለብቻ ነበር። አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት፣ ፍሎፒ መቀያየር፣ ከዚያ ወደ መጻፊያው ተመልሶ የተሳሳተውን መስመር መፈለግ የተለመደ ሥራ ነበር። ቱርቦ ፓስካል ሁሉንም አንድ ቦታ ሰበሰበው። የኮምፓይለሩ ሠሪ አንደርስ ሄልስበርግ በኋላ የሲሻርፕንና የታይፕስክሪፕትን ቋንቋዎች ንድፍ የመራ ሰው ነው።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ በአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ሠሩ። ያሰቡት ሳይንስ ለማያጠና ተማሪ ጭምር ነው። በዘመኑ ፕሮግራም ካርድ ላይ ተበስቶ ለኦፕሬተር ይሰጥ ነበር። ውጤቱ ከሰዓታት በኋላ፣ ሲብስም በማግስቱ ይመጣል። ዳርትማውዝ ላይ ግን ተማሪው መተየቢያው ፊት ቁጭ ብሎ ይጽፋል፣ አሂድ ብሎ ያዝዛል፣ መልሱን እዚያው ያያል።

እነዚህ ሰዎች ተማሪ ሊያሞላቅቁ አልነበረም። የገባቸው ነገር ነበር። ጀማሪ የሚማረው በተሳሳተበትና ስህተቱን ባወቀበት ጊዜ መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር ነው። የእኔም ክርክር ይኸው ነው። ጥሩ አይዲኢ ያንን ርቀት ያሳጥራል፤ ኖትፓድና ጥቁሩ መስኮት ያረዝሙታል።

«ትግሉ ራሱ ትምህርት ነው» የሚለው ላይ ደግሞ ቆም እንበል። የጽሑፉ ዋና ስህተት እዚህ ያለ ይመስለኛል። ከሐሳቡ ጋር መታገል አለ፦ ሉፑ ስንቴ ዞረ? ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ይሄ ያስተምራል። ከዕቃው ጋር መታገል ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ጊዜ ይበላል፣ ሞራል ይገድላል፣ በመጨረሻ የሚተርፍ እውቀት የለውም።

አንድ ልጅ በኖትፓድ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ሲጽፍ የሚደርስበትን ልዘርዝር። ሴቭ ሲያደርግ «ሁሉም ፋይሎች» የሚለውን ካልመረጠ ኖትፓድ ከፋይሉ ስም ጀርባ የጽሑፍ ፋይል ምልክት ሊለጥፍበት ይችላል። ዊንዶውስ ያንን ቅጥያ ስለሚደብቅ ስሙ ልክ ይመስላል። ወደ ጥቁሩ መስኮት ሲሄድ ፋይሉ የለም ይባላል። ፋይሉ ግን ዴስክቶፑ ላይ ፊት ለፊት ይታየዋል! ይሄን ቢያልፍ ሌላ ይጠብቀዋል። ፓይተን ሲጫን አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ካላደረገ፣ ኮማንድ መስኮቱ ፓይተን የሚባል ነገር አላውቅም ይለዋል። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ትዕዛዙን ሲጽፍ የማይክሮሶፍት ስቶር ገጽ ዘው ብሎ ሊከፈትበት ይችላል። ልጁ ገና ስለ ፕሮግራሚንግ ምንም አልተማረም። እስካሁን ያየው የዊንዶውስን አመል ብቻ ነው።

የእኛን ልጆች ለይቶ የሚያጠቃ ነገርም አለ። ተማሪዎቼ «ሰላም አዳማ» የሚል ጽሑፍ ማሳተም ይወዳሉ፤ ደስ ይላል። አማርኛውን ለመጻፍ ኪቦርዱን ይቀይራሉ፣ ከዚያ መመለሱን ይረሳሉ። ሉፑን ሲጨርሱ በእንግሊዝኛው ኮለን ቦታ የእኛው ሁለት ነጥብ፣ «፡»፣ ይገባል። በዓይን ሁለቱን ለይ ቢሉኝ እኔም አልለይም። ፓይተን ግን አይቀበለውም፤ የማይታወቅ ፊደል ብሎ ይቆማል። በአሮጌው የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ደግሞ የግዕዝ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ስለሚታይ፣ በስህተት መልዕክቱ ውስጥ ያለችው ነጥብ ራሷ አትነበብም። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው አይድል ግን ፕሮግራሙን ሲያስኬዱት ችግር ያለበትን ቦታ ቀለም ቀብቶ ያሳያል። የማይክሮሶፍቱ ኮድ መጻፊያ ቪኤስ ኮድ ከፓይተን ማራዘሚያው ጋር ከሆነ ገና ሳይሄድ በቀይ ያሰምርበታል። ልጁ ያያል፣ ይስቃል፣ ያስተካክላል፣ ይቀጥላል። በኖትፓድ ግን የሰንበት ክላሳችን ሙሉውን በዚያች ነጥብ ሊያልቅ ይችላል።

ጆን ስዌለር የተባለው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ጉዳይ ከሥሩ አንስቶታል። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ውስን ነው። ችግሩን ለመወጣት በሚደረግ ግብግብ ያ አቅም ካለቀ ለመማር የሚተርፍ አይኖርም። ተማሪው ለሰዓታት ሊለፋ፣ ላብ በላብ ሊሆን ይችላል፤ ግን አልተማረም።

«አይዲኢ ራሱ እየሞላ ያሰንፋል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሹን ልስጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቅ ያለው ኮድ ጸሐፊው ኤአይ ጊትሃብ ኮፓይለትና መሰሎቹ አንድ መስመር አስተያየት ሲጻፍላቸው ሙሉ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ያወርዳሉ። ይሄ ለጀማሪ መጥፋት አለበት። የመጀመሪያ ሉፑን ኤአይ የጻፈለት ልጅ የመጀመሪያ ሉፑን ገና አልጻፈም። ተማሪዎቼ ቪኤስ ኮድ ሲከፍቱ መጀመሪያ የማስደርጋቸው ይህንኑ ማጥፋት ነው።

ጸሐፊው ግን ኮፓይለትን፣ ስም መሙያንና ቀይ መስመርን አንድ ላይ ጨፍልቀው «ያሰንፋል» ይላሉ። የፈንክሽን ስም ሁለት ፊደል ሲጻፍ ቀሪውን መጠቆም ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ የፊደል ግድፈትን መቀነስ ስንፍና አይደለም። የማይፈልገው ሰው ደግሞ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ያጠፋዋል።

ጽሑፉ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለው፤ እሱን ማለፍ አልፈልግም። ፈተና በወረቀት ነው ይላሉ። እውነት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ ኮድ የሚጽፈው በእስክሪብቶ ነው። «የዚህ ፕሮግራም ውጤት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄም አይቀርም። ግን እስኪ ይህ ፈተና የሚለካውን እንመልከት። ኮዱን በጭንቅላት ማስኬድ መቻልን ነው። ይህን ከዲበገር የተሻለ የሚያሠለጥን ነገር አላየሁም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዲት ተማሪ የባጃጅ ሹፌር ገቢ የሚደምር ፕሮግራም ጻፈች። አራት ሒሳብ አለ፦ 15፣ 20፣ 10 እና 25 ብር። ቫሪያብሉን፣ ማለትም ቁጥሩ የሚያዝበትን ስም፣ «ድምር» ብላ በአማርኛ ሰየመችው፤ ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደል በስም ላይ ይቀበላል። ውጤቱ 70 መሆን ነበረበት። ፕሮግራሙ 25 አለ። ምንም ኤረር የለም። በኮማንድ መስኮት ቢሆን የምታየው ያችን 25 ብቻ ነው። ደግማ ብታስኬደው አሁንም 25።

ቶኒ ላይ የቫሪያብሎቹን ሰሌዳ ከፈትንና በዲበግ አስጀመርነው። ደንቤ አንድ ነው፦ ኤፍ 7ን ከመጫንሽ በፊት ቀጥሎ የሚሆነውን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ድምር 0 ሆነ። 15 ሆነ። ደብተሯ ላይ ቀጥሎ 35 ብላ ጻፈች። ተጫነች። ሰሌዳው ላይ ድምር ተመልሶ 0 ሆነ። ዝም አለች። ተጫነች፤ 20። እንደገና 0። «ቲቸር፣ በየዙሩ እኔው ዜሮ እያደረግኩት ነው!» አለች። ዜሮ የሚያደርገውን መስመር ሉፑ ውስጥ አስገብታው ኖሯል። ከሉፑ በላይ አወጣችው፤ 70 መጣ። ማንም አልነገራትም። ወረቀት ፈተና ላይ ይህ ጥያቄ ቢመጣላት ያንን 0 ዓይኗ ላይ ታየዋለች።

ራሱን ስለሚጠራ ፈንክሽን ሳስተምር ደግሞ ቶኒ እያንዳንዱን ጥሪ በየራሱ መስኮት ይከፍተዋል። የ4 ፋክቶሪያል (4×3×2×1) ስናሰላ መስኮቶቹ ተደራርበው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይዟል። ከዚያ ከላይኛው ጀምሮ እየተዘጉ መልሳቸውን ለታችኛው ያቀብላሉ። በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስዬ ስገልጽ ፊታቸው ላይ የማላየውን መረዳት እዚህ አየዋለሁ።

«ውስጡን ይደብቃል»

ጸሐፊው መንጃ ፈቃድን ምሳሌ ያደርጋሉ። በማኑዋል የተማረ አውቶማቲክ አያቅተውም፤ በአውቶማቲክ የተማረ ግን ማኑዋል ላይ ይጨነቃል ይላሉ። እሺ፣ በማኑዋል ይማር። ግን ማኑዋል መኪናም የፊት መስታወት አለው፣ የፍጥነት መለኪያም አለው። ለማጅ ማርሽ እስኪለምድ መስታወቱን በካርቶን የሚሸፍን አሠልጣኝ የለም። ዲበገሩ፣ የቫሪያብል ሰሌዳው፣ ቀይ መስመሩ ማሳያ ናቸው። አንድም ማርሽ ለተማሪው አይቀይሩለትም።

ኮምፓይለርና ሊንከር (የተለያዩ የኮድ ፋይሎችን የሚያገናኘው) ምን እንደሚሠሩ ተማሪ ማወቅ አለበት በሚለው ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በተለይ ሲፕላስፕላስ የሚማር ሰው። አንዱ አረንጓዴ ቁልፍ አስማት አይደለም። ልዩነታችን መቼ የሚለው ላይ ነው። ጸሐፊው በመጀመሪያው ቀን ይላሉ። እኔ ሲያስፈልግ እላለሁ። ተማሪው ፕሮግራሙ አድጎ ሁለትና ሦስት ፋይል ሲሆንበት «እነዚህ እንዴት ነው የሚገናኙት?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ያኔ ጥቁሩን መስኮት እንከፍታለን፤ ያኔ ትዕዛዙ ትርጉም አለው።

ደግሞስ አይዲኢው ማየት ለሚፈልግ ደብቆታል ወይ? በኮሌጆቻችን ላብ ብዙ የሚታየው ዴቭ ሲፕላስፕላስ ከታች በኩል የኮምፓይል መዝገብ አለው። ቁልፉን ሲጫኑት የተላከው ሙሉ ትዕዛዝ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ኮድብሎክስም እንዲሁ። ተማሪዎች ያንን ትር ከፍተው ቃል በቃል እንዲያነቡ ማድረግ ጥሩ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ነው። ቶኒ ደግሞ ከመሣሪያዎች ሜኑ የኮማንድ መስኮት የሚከፍት ምርጫ አለው፤ ፓይተኑንም አዘጋጅቶ ነው የሚከፍትልን። መንገዱ ከአይዲኢው ውስጥ ይጀምራል እንጂ አልተዘጋም።

«ለእኛ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይከብዳል»

ይሄ ቀልቤን የሳበው ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም የኑሯችን ጉዳይ ነው። የስልክ መተግበሪያ መሥሪያውን አይዲኢ አንድሮይድ ስቱዲዮን አራት ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ መክፈት ማሰቃየት ነው። ጎግል ራሱ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይጠይቃል። ይህን ለጀማሪ የሚያዝ አስተማሪ ካለ ጸሐፊው ይቆጡት፤ እኔም አብሬ እቆጣለሁ።

ግን አይዲኢ ሁሉ አንድሮይድ ስቱዲዮ አይደለም። በኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቶኒ ከነፓይተኑ ነው የሚመጣው፤ መጫኛው በሞባይል ዳታ የሚወርድ ትንሽ ፋይል ነው። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራ ዓይነትም አለው። እኔ አንዴ አውርጄ በፍላሽ ነው የማዳርሰው። አንዴ ከገባ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ በሌለበት የላብ ኮምፒውተርም ይሠራል። ለጃቫ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ብሉጄ አለ፤ እሱም ለማስተማሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። ቪኤስ ኮድን እንኳ ብንወስድ ማይክሮሶፍት ያስቀመጠው ዝቅተኛ የራም መስፈርት 1 ጊጋባይት ነው፤ ማራዘሚያ ሲበዛበት ቢከብድም።

መብራትም አለ። ዴስክቶፕ ላይ በሚሠራ ላብ ውስጥ መብራት ድንገት ከሄደ፣ በቆየው ኖትፓድ ላይ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ቪኤስ ኮድ ሴቭ ያልተደረገውን በጓሮ እያስቀመጠ ስለሚሄድ አብዛኛውን መልሶ ያመጣዋል። በሙቀቱ ሰዓት አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ተጋርተው የጻፉት ሲጠፋ የልጆቹን ፊት ያየ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ደግሞ ስልክ ነው። በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሃ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ኮዲንግ መማር እፈልጋለሁ የሚል ወጣት በዝቷል። ላፕቶፕ ግን ሁሉም የለውም። ከፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጅ ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡት ልጆች መካከል በስልካቸው ብቻ የሚማሩ አሉ። አንድሮይድ ላይ ፓይድሮይድ 3 የተባለውን ጭነው ያለ ኢንተርኔት ፓይተን ይጽፋሉ፣ ያስኬዳሉ። ይሄም አይዲኢ ነው። ለእነዚህ ልጆች «ኖትፓድና ኮማንድ ፕሮምፕት ተጠቀሙ» ማለት መጀመሪያ ላፕቶፕ ግዙ ማለት ነው።

«ከአንድ መሣሪያ ጋር ያጣብቃል»

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ሉፕ፣ ፈንክሽን፣ ሊስት ከመሣሪያ መሣሪያ አይለወጡም። ከቶኒ ወደ ቪኤስ ኮድ የሚሄድ ልጅ ቁልፎቹን ለመልመድ ትንሽ ጊዜ ይፈጅበታል፤ እሱም ቢሆን ኤፍ 5 ሁለቱም ላይ ያስኬዳል። ከኖትፓድ ወደ ሥራ ዓለም የሚሄደውም ያንኑ መልመድ አለበት።

ጸሐፊው የጽሑፋቸውን ሁለተኛ ክፍል እንደሚያወጡ ተናግረዋል። ሲያወጡት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። «አይዲኢ» ሲሉ የትኛውን እንደሆነ ይለዩልን፤ አንድሮይድ ስቱዲዮንና ቶኒን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ኤአይውንም ከዲበገሩ ይነጥሉልን። እስከዚያው ቶኒን ያጠፋችሁ ልጆች፣ ቅዳሜ ስትመጡ ፍላሽ ያዙ።